የዓይን ቀን

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ለውድ ልጄ፣ ለጩልሌዬ፤

እንዴት ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። ወንድምሽም ደህና ነው። አባትሽ እዚሁ አጠገቤ ተኝቷል፤ እያንኮራፋ ስለሆነ ለጊዜው እሱም ደህና ነው ልበል።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የፎቶ ቤቱ ሰውዬ ልጅ ናት። ነገ ጠዋት ትነሳለች፤ ሐሙስ እቤትሽ ድረስ መጥታ እጅሽ ላይ ታስቀምጠዋለች። እጇ ላይ ሳትሰጪኝ እንዳትመለሺ ብዬ አስምያታለሁ። ምን ላድርግ፣ ስልክሽን ከዘጋሽው ወዲህ ሌላ መንገድ አጣሁ። በደወልኩ ቁጥር ያቺ የማላውቃት ሴት ደንበኛዋ አይገኙም ትለኛለች። አሁንማ እሷም ድምፄን ሳትለምደው አልቀረችም።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። እንደ ልማድሽ ዘለሽ መጨረሻውን አታንብቢ። ልጅ ሆነሽ ተረት ስነግርሽ "መጨረሻ ላይ ይሞታል ወይስ አይሞትም?" ብለሽ ካልነገርኩሽ አላስወራ ትይኝ ነበር። ይሄኛውን በተራው አንብቢልኝ። በተራው ካልተነበበ እኔንም ወንድምሽንም ትጠይናለሽ። ያ ደግሞ አይገባንም። ትንሽ ቢገባንም እንኳ ታሪኩን ከሰማሽ በኋላ ይሁን።

አባትሽ የፊታችን ሰኞ ቀዶ ጥገና ይደረግለታል። አንገቱ ላይ ያለው የደም ሥር ጠቧል፤ ካልተከፈተ ያ የጣለው ስትሮክ ተመልሶ ይመጣል አሉን። "ሲከፈትስ?" አልኩት ሐኪሙን። "ሲከፈትም ቀላል አይደለም" አለኝና እጁ ላይ ያለውን ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ። ከዚያ ቀና ብሎ ልጆቹ ሁሉ እዚህ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አንዷ ውጭ አገር ናት አልኩት። "ብትመጣ ጥሩ ነው" አለ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። በር ላይ ስንደርስ ደግሞ ጠርቶ መለሰንና "እስከ ሰኞ ድረስ ግን ምንም ነገር እንዳያስቆጣው አደራ። ግፊቱ ከፍ ካለ እዚያው እቤት ልታጡት ትችላላችሁ" አለን።

ጭንቄ የጀመረው ያኔ ነው። አንቺ ብትመጪ ጥሩ ነው፣ አባትሽ ደግሞ መቆጣት የለበትም። እናንተን ሁለታችሁን የሚያውቅ ሰው እነዚህን ትእዛዞች እንዴት አድርጎ ነው የሚያስማማቸው? ሰባት ዓመት ሙሉ ስምሽ በዚህ ቤት የሚነሳው እሱ ሲወጣ ብቻ ነበር። ለዚህ ነው በስልክ የጠየቅሽኝን ጥያቄ ሞኝ ነው ብዬ ያላለፍኩት። "እማዬ፣ ፎቶዬን አሳዩትና እንዴት አድርጎ እንዳየው ንገሩኝ። ከአስተያየቶቹ ሁሉ በየትኛው እንዳየኝ። ግሌር ከሆነ፣ ካጉረጠረጠብኝ፣ አልመጣም፤ ገድዬው አልኖርም" አልሽኝ። ሌላ ሰው ቢሰማን ያበድን ይመስለዋል። እኛ ቤት ግን ከዚህ የበለጠ ግልጽ ጥያቄ የለም።

እንደምታውቂው እኔ ከእንግሊዝኛ የምችለው ማየትን ብቻ ነው። እንግሊዝ አገር ብወድቅ ውሃ ስጡኝ ማለት አቅቶኝ በጥም እሞታለሁ፤ ሰዉ እንዴት እንዴት እያየኝ እንደምሞት ግን አንድ በአንድ እናገራለሁ። አባትሽ ማታ ማታ እዚህ ክፍል እንግሊዝኛ ሲያስተምር እኔ ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ኖርኩ። ሌላው ትምህርት በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ። የማየት ቃላትን የሚያስተምርበት የዓይን ቀን ሲሆን ግን መኪናዬን አቁሜ በበሩ ስንጥቅ አይ ነበር፤ ምክንያቱም በዚያ ቀን የሚሰማ ነገር የለም። አባትሽ ሰዓቱ እስኪያልቅ አንድ ቃል አይተነፍስም። ሰሌዳው ፊት ቆሞ ያያል፣ ልጆቹ አስተያየቱን አይተው ስሙን ይጮሃሉ። በቃ፣ ትምህርቱ ይኸው ነው።

ሰዓቱ ላይ ዓይኑን ጣል አድርጎ ወዲያው ሲያነሳ፣ ግላንስ! መስኮቱ ላይ ተክሎ ሳያርገበግብ ሲቆይ፣ ስቴር! ቴቸር ፍጥጥ የሚለውን ስም ያተረፈችለት እሷ ናት። ፒርን ሲያስተምር የእኔን መርፌ ሰርቆ ሄዶ ዓይኑን አጥብቦ ክር ያስገባባታል፤ ስንት መርፌ ጠፍቶብኛል መሰለሽ። ጌዝ ላይ ሲደርስ ደግሞ ፊቱ ሁሉ ይለሰልሳል፣ ሩቅ ያለ ነገር ያየ ይመስላል፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ማንን እያሰበ ይሆን እያልኩ እቀና ነበር።

ግሌር ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ጸጥ ይላል። ቅንድቡን ይሰበስባል፣ ጥርሱን ይነክሳል፣ ዓይኑን ያጉረጠርጣል። አንዲት ትንሽ ልጅ ደንግጣ ቀሚሷን አረጠበች፤ እኔ ነበርኩ ያጠብኩላት። አባትሽ በዚያ ቀን እራቱን አልበላም። ከዚያ ወዲህ ግሌርን ብቻውን አድርጎት አያውቅም። ካጉረጠረጠባቸው በኋላ መዳፉን ፊቱ ላይ ይደፋና በጣቶቹ መሃል አጮልቆ ያያቸዋል። ፒፕ! ብለው ሲጮሁ ሳቃቸው መንገድ ድረስ ይሰማል። አንቺ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላሽ በሩ ሥር ተቀምጠሽ በእነዚያ ድንቡሽቡሽ ጣቶችሽ መሃል መልሰሽ ታጮልቂበት ነበር። ጩልሌ ብሎ የጠራሽ ያኔ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ከወደቀ ወር ሊሞላው ነው። ጠዋት ሸሚዙን ሲቆልፍ ቀኝ እጁ ድንገት ከዳው፤ ወዲያው እግሩም ምላሱም ተከተሉት። ሐኪም ቤት ሰንብቶ ሲመለስ አልጋውን እዚሁ የማታ ትምህርት ክፍሉ ውስጥ ዘረጋንለት፤ ለመጸዳጃውም ለእኔም ይቀርባል ብለን። ሰሌዳው በግራው ነው። በሩ፣ ቁምሳጥኑ፣ ወንድምሽ የሚቀመጥበት ወንበር በቀኙ። ንግግሩ ተመልሶ አልመጣም። ስንናገር የሚሰማን ይመስለናል፤ እሱ ግን "እ" ከማለት በቀር ምንም አይወጣውም።

እኛ ታዲያ ምን አደረግን? ማንም ለማንም ሳይናገር የዓይን ቀን አወጅን። አፉ ቢዘጋም ዓይኑ አለ አልን። ለዚህ ቤት ሰው ይህ መከራ እንኳ አልመሰለንም፤ ስንኖርበት የኖርነው ነገር ነው። መስኮቱን ሲያይ ሞቆት ነው ብለን ከፈትን። ሰሌዳውን ሲያይ ሥራው ናፍቆት ነው ብለን አለቀስን። ቀኑን ሙሉ ሰሌዳውን ነበር የሚያየው። ባለሱቋ ልትጠይቀው መጥታ በሩ ላይ ቆማ እግዜር ይማርህ ስትለው ፊቱን ወደ ሰሌዳው ሲያዞርባት ብታይ! "ድሮም ኩሩ ነበር፤ አሁንስ ምን ቀርቶት ነው የሚኮራው?" ብላ ያመጣችውን ብርቱካን መልሳ ይዛ ልትሄድ ነበር። ሳቄን ዋጥኩት። ያን ቀን መሳቄን ትቼ ባስብ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ያንቺን ፎቶ፣ ያን በቀይ ሹራብ የተነሳሽውን፣ ወንድምሽ ቁምሳጥኑ ላይ አቆመው። አባትሽ ዞር ብሎም አላየው። ይሁን፣ ገና ድካም ላይ ነው አልኩ። አንቺ በስልክ ከጠየቅሽኝ በኋላ ግን ራሴ አነሳሁትና አልጋው ጫፍ ላይ፣ በበሩ በኩል ተቀምጬ ፊቱ አጠገብ ያዝኩለት። ጭንቅላቱን ቀስ አድርጎ ወደ ሰሌዳው አዞረ። ወንድምሽ ከእጄ ነጥቆኝ "አባባ፣ ጩልሌ ናት እኮ! እያት!" አለው ጮክ ብሎ። ስምሽን ሲሰማ አባትሽ ደነገጠ። ትንፋሹ ፈጠነ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ፊቱን ደግሞ ጨርሶ ወደ ግድግዳው መለሰው።

"በቃ እማዬ፣ መልሱ ይኸው ነው" አለኝ ወንድምሽ።

"ግሌር አላደረገም እኮ!"

"ግሌርማ ይሻላል። ሊያይ የፈለገ ሰው ነው የሚያጉረጠርጠው። ይሄ እኮ ስም የለውም፤ ላያያት ነው የፈለገው።"

እኔ ዛሬ አትንገራት፣ እስቲ እንደር አልኩት። እሱ ግን ወጥቶ ያን መልእክት ላከልሽ። አባባ ፎቶሽን ስናሳየው ፊቱን አዞረ፣ ባትመጪ ይሻላል ብሎ። አንቺም ካላየኝ ለምን እመጣለሁ ብለሽ መለስሽለትና ስልክሽን ዘጋሽው። ሁለታችሁም የአባታችሁ ልጆች ናችሁ፤ ምራቅ እስኪዋጥ እንኳ አትታገሱም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት አይነሱ። ከወንድምሽ ጋር ጓዳ ገብተን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጨቃጨቅ ነበር። እኔ ልጄ ሳታየው አይቀደድም እላለሁ፤ እሱ "አምጥተሽ ልትገድይው ነው? ስሟን ሲሰማ እንዴት እንደሆነ አላየሽም?" ይለኛል። አንድ ቀን አፌን ከፍቼ "አንተ ድሮም ትቀናባታለህ" አልኩት። ይህን ማለት አልነበረብኝም። ማሰሮው ላይ ጎንበስ እንዳለ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?

"እኔንስ መቼ አየኝ? የማጥበው እኔ፣ የማገላብጠው እኔ፣ ወንበሩ ላይ ደርቄ የማድረው እኔ። ከወደቀ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ዓይኔን አላየኝም። ለእሷስ ፊቱን አዞረ፤ ለእኔ የሚያዞረውም የለው፣ እዚያ እንደሌለሁ ነው።"

ልጄ ይህን ሁሉ በሆዱ ይዞ አባቱን ሲያጥብ መክረሙን አላወቅሁም ነበር። አንቺም እወቂለት ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ያን መልእክት የላከው በክፋት አይደለም፤ ከፍቶት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እጅና እግሩን የምታሠራው የፊዚዮቴራፒ ልጅ መጣች። ከረሜላ የምታኝክ፣ ጫማዋን በር ላይ ወርውራ የምትገባ ፈጣን ልጅ ናት። ቁርሱን ገና መጨረሱ ነበር። ድንችና ካሮት ቀቅዬለት ድንቹን በልቶ ካሮቱን እንዳለ ትቶታል።

"ካሮት አይወዱም እንዴ?" አለችኝ።

"ድሮ ይወድ ነበር። አሁን ምኑንም ግማሽ ግማሹን ነው የሚበላው፤ የምግብ ፍላጎቱ ቀንሷል" አልኳት።

ማኘኳን አቆመች። ከዚያ ሳህኑን ይዛ አዞረችው፤ በቀኝ የነበረው ካሮት በግራ መጣ። አባትሽ ካሮቱን አየ። ማንኪያውን አነሳና አንድም ሳያስቀር በላው።

እኔና ወንድምሽ ተያየን። እሷ ፊቱ ቆመች፤ በግራው በኩል ጣቷን ስታወዛውዝ ዓይኑ ይከተላታል፤ ወደ ቀኙ ስታሳልፈው ይጠፋበታል፤ ዓይኑ ወደ ሰሌዳው ይመለሳል። ደጋግማ አደረገችው። ከዚያ "ሐኪሞቹ ዕይታው ተነክቷል አላሏችሁም?" አለችን።

ብለውናል! በመጀመሪያው ቀን ነግረውናል። እኔ ግን ዕይታ ሲሉኝ መነጽር መሰለኝ። ስንመለስ መነጽሩን ፈልጌ በቀሚሴ ጫፍ ወልውዬ አደረግኩለት፤ ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ።

"መነጽር አይደለም" አለች ልጅቷ። "በቀኛቸው በኩል ያለው ነገር ለእሳቸው የለም። ጨለማ ሆኖባቸው እንኳ አይደለም፤ ጭራሽ የለም። ድምፅ ሲሰሙ የሚፈልጉት በሚያዩበት በኩል ነው። ከበሩ ስትጠሯቸው ወደ ግድግዳው የሚዞሩት እናንተን ፍለጋ ነው።"

ቁምሳጥኑን አየሁት። ባለሱቋ የቆመችበትን በር አየሁት። ከዚያ ወንድምሽን አየሁት፤ እሱ ወንበሩን እያየ ነበር። ስምሽን ሲሰማ ፊቱን ጨርሶ ወደ ግድግዳው ያዞረው አባትሽ፣ ጩልሌ ናት፣ እያት ሲባል እዚያ ሰሌዳው ላይ ሲፈልግሽ ነበር ለካ። አጥቶሽ ነው እንባው የመጣው።

ወንድምሽ ወንበሩን አንስቶ በአልጋው እግር በኩል ዞረና ሰሌዳው ሥር አስቀምጦ ተቀመጠበት። አባትሽ አየው። እንዴት አድርጎ እንዳየው ስሙን አትጠይቂኝ፤ ከመንገድ የገባ ልጅ እንደሚታይ ነው ያየው። ደህና የሆነውን ግራ እጁን ሰደደና የወንድምሽን ጆሮ ያዘው፤ ድሮ ሲያጠፋ እንደሚጎትተው አድርጎ። ያ ጢማም ግዙፍ ሰውዬ አንሶላው ላይ ተደፍቶ ሲንሰቀሰቅ፣ ልጅቷ ከረሜላዋን ውጣ ወደ ጓዳ ወጣች።

አሁን እንግዲህ ፎቶውን ወዲያው በግራ በኩል አላሳየሽውም ወይ ትይኛለሽ። አላሳየሁትም። ፈራሁ። እስከዚያ ድረስ ፊቱን ቢያዞርም ሕመሙ ነው የሚል መጠጊያ አግኝቻለሁ። በሚያይበት በኩል ይዤለት ፊቱን ቢያዞርስ? ያኔ ሕመም አይደለም፤ እሱ ራሱ ነው። ቅዳሜ ነገ አልኩ፣ እሁድም ነገ አልኩ። ትናንት ግፊቱ ጥሩ አይደለም ብዬ አመካኘሁ። ፎቶውን ቁምሳጥን ውስጥ፣ አንሶላ ሥር ደበቅኩት። ወንድምሽ ራሱ ነው ዛሬ ጠዋት "እማዬ፣ የፎቶ ቤቱ ልጅ ነገ ትሄዳለች፤ የምትጽፊላትን ማወቅ አለብሽ" ያለኝ።

ግፊቱን ለካነው፤ ደህና ነው። አጠብነው፣ ደገፍ አድርገን አስቀመጥነው፣ መነጽሩን አደረግኩለት። ፎቶሽን ከቁምሳጥኑ ሳወጣ ወንድምሽ ልያዝልሽ አለኝ፤ እምቢ አልኩት። በእግሩ በኩል ዞሬ ሰሌዳው ፊት ቆምኩና ፎቶሽን ከደረቴ ላይ ገልብጬ አሳየሁት። "ጩልሌ ናት" አልኩት።

አባትሽ አየሽ። በቀጥታ፣ ዓይንሽን አየሽ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየሽ።

ከዚያ ቅንድቡ ተሰበሰበ። በቀኝ በኩል ፊቱ አልታዘዘውም፤ ግራው ግን ይበቃ ነበር። ጥርሱን ነከሰ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ተጉረጠረጠ። ግሌር ነው ልጄ፤ ልዋሽሽ አልችልም፣ ጥርት ያለ ግሌር። ያ የሄድሽ ቀን በር ላይ ቆሞ የሸኘሽበት አስተያየት። ወንድምሽ ከኋላዬ "እማዬ፣ ይበቃል፣ ግፊቱ!" አለኝና ፎቶውን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። አባትሽ ግራ እጁን አነሳ፤ መዳፉን ፊቱ ላይ ደፋው። "ይኸው፣ ላያት አልፈልግም እያለ ነው" አለ ወንድምሽ። ፎቶውን ዝቅ ማድረግ ጀመርኩ።

ጣቶቹ ተከፈቱ።

በሁለቱ ጣቶቹ መሃል አንድ ዓይን፣ ከነመነጽሩ፣ አጮልቆ ያይሻል። ጣቶቹን ዘጋ። ደግሞ ከፈተ። የማይታዘዘው አፉ በአንድ በኩል ተጣሞ ሳቀ፤ የሚያወጣው ድምፅ ያው "እ" ነው፤ እኔ ግን በእነዚያ ሁሉ ልጆች ጩኸት ነው የሰማሁት። ወንድምሽ እንደ ተማሪ ፒፕ! ብሎ ጮኸ። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ልክ አይደለም፤ ፊደሉ የተበላሸው ለዚህ ነው፣ እርጅና ነው እንዳትይ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ከጠዋት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣልኝ ብሏል። የሄድሽ ቀን እኔ በስፌት መስኮቴ ነበርኩ። አስተማሪ እንድትሆኚለት፣ ለምኖ የማያውቅ ሰው ርእሰ መምህሩን ለምኖ ያስገባሽን ሥራ ጥለሽ ሻንጣሽን ስትጎትቺ፣ እሱ በር ላይ ቆሞ አጉረጠረጠብሽ። ታክሲው ውስጥ ገብተሽ አንዴ ዞር ብለሽ አየሽው፤ ከዚያ አላየሽም። ታክሲው ሲታጠፍ እኔ ግን አሁንም እያየሁት ነበር። እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ቆመ። እያለቀሰ መስሎኝ እንዳላሳፍረው ብዬ መጋረጃዬን ዘጋሁ። ያን ቀን ጣቶቹን ይክፈት አይክፈት አላውቅም። ማወቅ የምንችልበት መንገድም አሁን የለም። ያየሽው እስከየት እንደነበር ግን ታውቂያለሽ።

በይ ልጄ፣ ነይ። አርብ ብትነሺ ቅዳሜ ትደርሻለሽ። ወንድምሽ አውሮፕላን ማረፊያ ይጠብቅሻል፤ ራሱ የሚነግርሽ ነገር ስላለው አትኮሳተሪበት። ክፍልሽን ጠርጌዋለሁ። የአባትሽንም ጥቁር ሙሉ ልብስ አውጥቼ ከጎኑ አጠበብኩት፤ ከስቷል እኮ። ወንድምሽ "አሁን ለምን?" አለኝ። ሥራ የፈታ እጅ አልወድም፣ ከሐኪም ቤት ሲወጣ ይለብሰዋል አልኩት።

ስትገቢ ግን አደራ፣ በሩ ላይ ቆመሽ አባባ ብለሽ እንዳትጠሪው፤ ወደ ግድግዳው ዞሮ ሲፈልግሽ እንዳታዪ። ዝም ብለሽ ግቢ፣ በእግሩ በኩል ዙሪና ሰሌዳው ፊት ቁሚ። መጀመሪያ ያጉረጠርጥብሻል። እንዳትሄጂ። ትንሽ ቆዪለት።

በደህና ያምጣሽ፤ መንገዱን ያቅናልሽ። ለዓይነ ሥጋ ያብቃን፤ እኔንም እሱንም፣ አንቺንም።

እናትሽ

አባትሽ ነቃ። "ምን እየጻፍሽ ነው?" በሚል ዓይን እያየኝ ነው። ግላንስ አይደለም፣ ስቴርም አይደለም። ላንቺ ነው አልኩት።